የጉም ወር

የኔ መኪና በእግር ነው፣ ብረግጠው ይሄዳል፤
የልጄ መኪና ግን መብራት ይወዳል።
ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ማታ አሥራ ሁለት፣
አዝመራ ትይዛለች የተገላቢጦሽ ዋሽንት፤
ወደ ውጭ የማይነፋ፣ ወደ ውስጥ የሚሳብ፣
ጉም ሆኖ ተነሥቶ ደረት ላይ የሚዘንብ።

በአራስነቷ ነው፣ ጉንጯን ስስማት ጨው፤
እናቷ ሰምታኝ «የራስህ እንባ ነው»።
ጎረቤቱ ሁሉ «ጨዋ ናት» ይለኛል፤
እውነቱን ነው፣ ጨዋ። ሰሙ ይበቃኛል።
ወርቁ ግን ዘገየ። ቲቢ ነው ተባለ፣
ስድስት ወር ኪኒን እንደ ቆሎ ታደለ፤
ሳሉ አልጋውን ይዞ፣ እሷ ጥግ ተጠግታ፣
እናቷ ጀርባዋን ስትመታ፣ ስትመታ።

ባሕር ዳር ያለች ሐኪም ላቧን መዘነችው፤
ስሙን በፈረንጅ ጻፈች፣ በአማርኛ አጣችው።
የጎጃም ልጅ ናትና በቀፎ ነገረችኝ፦
«አክታዋ እንደ ማር ረግቷል» አለችኝ፣
«ንብ መስሎ የሰፈረው ተውሳክ ነው፣ የሚወጋ፤
አይወጣም በራሱ፣ ቢመሽም ቢነጋ።
ቀፎ በጢስ እንጂ በኪኒን አይለቅም፤
በጉም ትታጠን፣ አንድ ቀን አይታለፍም።»

ሃያ ስምንት ቀን ሥራ፣ ሃያ ስምንት እረፍት፤
እናቷ ቆጠረችው በጾምና ፍስክ ሥርዓት፤
«የጉም ወር»፣ «የባዶ ወር» ብላ ግድግዳው ላይ፣
በከሰል አሰመረች፣ እንደ ዕዳ እንዲታይ።

ብልቃጡ ብርድ ይሻል፤ ቤታችን ፍሪጅ የለም፤
እናኑ ባለግሮሰሪ «ቢራዬ ሞቀ አልልም»
ብላ ቦታ ለቀቀች። ሃምሳ ስድስት ብልቃጥ
በቢራው መሃል አደረ፤ ሰካራም አያልፍም ገደፉን ለመርገጥ።

ዋጋውን አትጠይቁኝ።
ሁለት በሬ ነበረን።

አሥራ ዘጠነኛው ማታ፣ ጉሙ ገና ሲጋመስ፣
ቢቸና መብራቷ ጠፋ፣ ጨለማ ልትለብስ።
ማሽኑ አንዴ አቃሰተ፣ ከዚያ ዝም አለ፤
ግማሹ መድኃኒት ከታች ተንጣለለ።
«አባዬ፣ ያንተን ርገጠው» አለችኝ።
ይህ እግር ስንት ቀሚስ ሰፍቷል፤
አንድ ደረት ማስፋት ግን አቅቶታል።

አዝመራን በጀርባ፣ ማሽኑን በክንዴ፣
ወደ ቢተው ወፍጮ ወረደ መንገዴ።
የናፍጣ ሞተር፣ የሰባት ሴት ወረፋ፣
ጆንያው ተጋድሞ፣ ዱቄቱ ሲነፋ።
«ዱቄቱ ይጎዳታል» አልኩ። ወፍጮውን አቆመ፤
ቀበቶ አወለቀ፤ ሞተሩ ብቻውን አዜመ።
ሽቦ ተጎተተ ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ፣
መንገድ ተሻግሮ፣ ዱቄት እስከማይደርስ ጓሮ።
አንዷ ከወረፋው «ተራው የማን ነው?» አለች፤
ሌላዋ «የሳንባ» ብላ ጆንያዋ ላይ ተቀመጠች።

አሥር ደቂቃ ያህል ማንም አልተናገረ።
ጉም በጨለማ አይታይም፤
ልጄ ስትስበው ብቻ ይሰማል።
ሲያልቅ ዋሽንቱን ከአፏ አወጣች፣
«ጮቄን ዋጥኩት» አለች፣
ሴቶቹም ሳቁ፣ ቢተው ቀበቶውን መለሰ፣
ዱቄቱ ተነሣ፣ እኛም ቤታችን ገባን።

ዛሬ የባዶ ወር ነው። ማሽኑ በቁራጭ አቡጀዲ ተሸፍኗል።
ትናንት ዳገቱን ሳትቆም ወጣች፤ ዛሬ ግን ጠዋት ያው ሳል።
«አባዬ፣ በሬዎቹ ሲያልቁስ?»
ክር በጥርሴ ነክሻለሁ፤ ክር የነከሰ አፍ አይመልስም።

ሐኪሟ ባዘዘችው መሠረት ወጧ ላይ ጨው እጨምራለሁ፤ እሷ በላብ ትመልሳለች።
«ለጉሙ ስንት ቀረን?» አልኩ። እናቷ ከሰል አነሣች።