ሞራ ገላጭ

ከሳቢያን ወዲያ ማዶ፣ በስሚንቶው እቶን አፍ፣
እሳቱ እንደ ደቻቱ፣ እንደ ክረምት ሌሊት ጎርፍ
ሲያጓራ፣
ሣጥኔን በሦስት እግሩ አቆምኩት ከዳር፤
ሳይነካ፣ ሳይገባ፣ ከሩቅ የሚማር።

ሽቦ ከትተን ነበር አምና፤
የራሱን ትኩሳት ብቻ አወራና
የጋዙን ሳይነግረን ቀለጠ።
ግድግዳውም ያበራል፣ አቧራውም ያበራል፤
ማን የማንን ወሬ እንደሚያወራ ማን ይለያል?

ይኼኛው ከቀይ በታች ያለውን ያያል።
የተቃጠለው አየር ለእኛ ጨለማ ነው፣ ለእሱ ያበራል፤
መሐል ያለው ቀዝቃዛ አየር ግን ወገቡን ይበላበታል፤
ጫፍና ጫፉ ብቻ ተርፎ፣ መስኮቱ ላይ ይቆማል ሁለት ጆሮ፣
በሐረር ግንብ ሥር፣ አጥንት ፍለጋ፣ በምሽት ዞሮ
ብቅ እንዳለ ጅብ።
ጋዙ ሲግል ይራራቃሉ፤ ሲበርድ ጠበብ ጠበብ።

ሮብሌ ዛሬ እንግዳ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ስምንት ወሩ፤
የልጅ ልጁ በባጃጅ አምጥታው ቆማለች ከበሩ።
ሠላሳ አንድ ዓመት በሰማያዊ መስታወት፣
ችኮላ የሆነ ዕለት ደግሞ በባዶ ዓይኑ ያየው እሳት።
«ሞራ ገላጭ» ነበር ስሙ፤ ነበልባሉን እንደ በግ ሞራ
ዘርግቶ ያነብ ነበር፣ ከሥሩ እስከ ጭራ።
አሁን ሞራው የተዘረጋው በእሱ ብሌኖች ላይ ነው፤
ነጭ፣ ድፍን፣ እንደ ኖራ።

ጉንጩን ለእቶኑ ሰጠው፣ ዘመድ እንደሚስም ሰው።
«ሰንፏል» አለ። «ከሰሉ እርጥብ ነው።»
ጆሮዎቹን አየሁ፦ ተጠጋግተዋል፤
ሺህ ስምንት መቶ አርባ፤ ከጠዋቱ ሰባ ወርዷል።
«ስንት አለ ሣጥንሽ?» ነገርኩት፤ ሳቀ፤
«አቦ፣ ጉንጬስ ያውቃል፤ ቁጥሩን ነው ያላወቀ።»

ቆይቶ፦ «ያ የማይታየው ብርሃን… የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል?»
ማስታወሻዬን ገለጥኩ፣ ምንም ያልተጻፈበት ገጽ፤
«ከዘመዱ ወገን፣ አዎ፤ ይገባል።»

እጁን ሣጥኑ ጎን አሳረፈ። «ይቀዘቅዛል እኮ ይሄ!»
«ውስጥ ያለው ዓይኑ ነው። እንዳይግል፣ እንዳይሳሳት፣
ሁልጊዜ በብርድ ነው የምንጠብቀው» አልኩት።
እጁን አላነሳም። የባጃጁ ጡሩንባ ሁለቴ ጮኸ።
«ደግ» አለ፣ «ለእሱስ ታስቦለታል።»