ባዶ እና ባዶ

ሳርጀንት ጎዳና፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ዊኒፔግ በየካቲት፣
ደጁ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣ ውስጡ የማሞቂያ ማቃሰት።
ሥራዬ ቅጽ መሥራት ነው፤ ወረቀቱን ገልብጬ
ስክሪን ላይ እተክላለሁ፣ ሳጥን በሳጥን ቆራርጬ።
ስም እዚህ፣ አድራሻ እዚያ፣ የልጅ ብዛት ከሥር፣
ከጀርባው ግን ስክሪፕት፣ ማንም የማያየው ክር፣
ከአሮጌ ቅጽ የወረስኩት፣ የጎደለን የሚመልስ በር።

ማክሰኞ ሐዋ ኑር መጣች፤ ሁሉን ጨረሰች ሞልታ፣
«ላክ»ን ስትነካው ቀላ፦
«እባክዎ የልደት ወር ይሙሉ» አለ፣ አንዴም ሳያመነታ።
ሞልታለች እኮ! ጃንዋሪ አንድ።
እንደገና ሞላች። እንደገና ቀላ።
ከኋላዋ ምሕረተአብ፦ ጃንዋሪ አንድ።
ከእሱም ኋላ እናትና ልጅ፣ ሁለቱም ጃንዋሪ አንድ፤
ካምፕ ውስጥ ልደት የሚያድለው ጸሐፊ
ችኩል ነበር መሰለኝ፣ የሰልፉ አሳላፊ።
ኦክቶበር የተወለደው ኮንጎዊ ግን
ሰተት ብሎ አለፈ።

እርዳታ ፍለጋ ወጣሁ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ።
«እገዛ»ን ብጫነው «ቅጽ ማለት...» ብሎ ጀመረኝ፤
ፊደል ቆጥሬ የመጣሁ ነኝ፣ ዘጋሁት።
መመሪያው ስድስት መቶ ገጽ። ማውጫው ላይ «ወር»ን ፈለግሁ፤
ወደ «ቀን» ላከኝ፣ «ቀን» ወደ «ሰዓት»፣
«ሰዓት» መልሶ ወደ «ወር»።
ለሻጩ ኩባንያ ደወልኩ፤ አርባ ደቂቃ ቫዮሊን።
ያነሣችው ልጅ ደግ ናት፣ «ውላችሁ ስክሪፕትን አይጨምርም» አለች፤
ቫዮሊኑ ይሻል ነበር።
ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተዋስኩ፤ ምዕራፍ ዘጠኝ ጠርዙ ላይ
ከእኔ በፊት የተዋሰው በእርሳስ «አልገባኝም» ብሏል።
ከምዕራፉ ይልቅ እርሳሱ አጽናናኝ።

ሐሙስ ማታ ኮዱን ራሱን
እንደ ዳዊት ደጋሚ ከላይ እስከ ታች ያዝሁት።
መስመር ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ሁለት ጭረት ከፊቱ፣
ማሽኑ ዘሎት የሚያልፍ፣ ለሰው ብቻ የተጻፈ፦
«እዚህ ድረስ የመጣ ሰው ጨንቆታል ማለት ነው።
ይደውል። ኦሬስት።» ቀጥሎ ቁጥር።

አላውቀውም። ከእኔ በፊት ወንበሩ የእሱ ነበር።
ጡረታ ወጥቶ ሴልከርክ፣ ወንዙ ላይ፤ ወንዙ ድንጋይ ሆኖ።
«ዓሣ ላይ ነኝ» አለ፣ መሰርሰሪያው እያጓራ፣
«ፍጠኚ፣ ጣቴ ደርቋል።»
ነገርኩት። ሣቀ።
«ማሽኑ ወርን ከስንት ነው የሚቆጥር?»
«ከዜሮ።»
«ጃንዋሪ ስንት ነዋ?»
ዝም አልኩ።
«ሳጥኑ ባዶ መሆኑንስ፣ የእኔ ስክሪፕት በምን ያውቃል?»

በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ የገባኝ ግን በአማርኛ፦
ሁለት ለባዶ ስንል ቁጥር ነው፣
ባዶ ቤት ስንል ማንም የለም።
ማሽኑም እንደኛው ኖሯል፤ ሁለቱን በአንድ ዓይን አይቶ
መጀመሪያ የቆመውን፣ ጭራሽ አልመጣም አለው።

«ይቅርታ» አለ ኦሬስት። «ስሞክረው በራሴ ልደት ነበር።
ዲሴምበር።» ከዚያ ዓሣው ጎተተው መሰለኝ፣ ዘጋ።

አንዲት መስመር ነበረች። አስተካከልኳት።
ከእሱ ማስታወሻ ሥር ሁለት ጭረት አስምሬ፣
በአማርኛ፣ ማን እንደሚያነበው እንጃ፦
«ዜሮ ባዶ አይደለም። ካልገባህ ደውል» ብዬ ቁጥሬን ተውኩ።

ዓርብ ሐዋ ተመለሰች፣ ነካችው፣ አረንጓዴ።
ምንም አልገረማትም። ኮቷን እየቆለፈች
«እኔ እኮ ጃንዋሪ አይደለሁም» አለችኝ፣
«እናቴ፣ ዝናብ ነበር ትላለች።
ጎረቤት ጣራው እየፈሰሰ ነው የመጣው፣ አዋላጇን ይዞ።»
ስንት ሰዓት እንደነበር ልጠይቃት ስል
አውቶቡሷ መጣ።