ግማሽ ኪሎ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤
እሱ እስኪሄድ ድረስ አምባዛው ይሸታል!»
እንዲህ አለኝ ይርሳው፣ ሐሙስ ማታ መጥቶ፣
የአስጋሪዎች ማኅበር ማኅተም በኪሱ ከትቶ።
«ቅዳሜ ሲነጋ ሚዛኑ ይቆማል፤
ፕሮግራሙ ካልደረሰ በምን ይመዘናል?»

ሁለት ሌሊት ብቻ። ቀበሌ አሥራ አራት፣
ከጋራዡ በላይ፣ ጠባቧ ኪራይ ቤት።
ከሌላ ሰው ሥራ መስመር እየቀዳሁ፣
ለምን እንደምትሠራ ሳልጠይቃት ለጠፍሁ።
ሙከራውን «ነገ» አልኩት፤ ነገም «ነገ» አለኝ።
ቅዳሜ ንጋት ላይ ሠራ። ደስ አለኝ።

ሦስት ቀን ሚዛኑ ደረሰኝ ሲተፋ፣
ይርሳው በእኔ ኮርቶ ደረቱን ሲነፋ፣
ቀረሶው፣ ነጭ ዓሣው፣ በሳጥን ሲያልፍ፣
ማን ጠረጠረ ማሽን እንደሚገድፍ።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌው እንድሪስ
ደረሰኙን ወደ ፀሐይ አነሣ።
ፊደል አልቆጠረም፤ ቁጥር ግን ያውቃል፣
ክብደትን ደግሞ በትከሻው።
«አራት ተኩል ነው የተሸከምኩት።
ወረቀትሽ አራት ይላል።
ግማሽ ኪሎዬስ፣ ልጄ? ድመት በላው?»

ሰልፉ ዝም አለ።
በረዶው በሳጥኑ ሥር ይንጠባጠባል።
ያቺ የቀዳኋት መስመር
ነጥብ ላይ ስትደርስ በጥርሷ ትቆርጣለች፣
ከነጥብ ወዲያ ያለውን ትተፋለች፣
የማን እንደሆነ አትጠይቅም።

በቆምኩበት፣ በአሥር ደቂቃ አረምኳት።
ጣቶቼ ሮጡ። መሮጥ ነበረባቸው፤
ፀሐይዋ ወጥታለች፣ የዓሣው ዓይን እየደፈረሰ ነው፣
እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ማንበብ ኃጢአት ነው።

እንድሪስ ታንኳውን ዛፍ ላይ አስደግፎ
ውኃው እስኪወርድለት ይጠብቃል።
«ደንገል በአንድ ጠዋት ታጭጃለሽ» አለኝ፣
«ነፋስ ሳይነሣም ታስሪዋለሽ።
መድረቁን ግን አታዢውም።
እርጥቡን ያሰረ፣ ዋና የሚማረው መሐል ሐይቅ ላይ ነው።»

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ። እኔም ለቀምኩ፤
ከሚዛኑ ማኅደር ጥሬውን ቁጥር አውጥቼ
የአርባ አንድ ሰው ግማሽ፣ ሩብ፣ ሢሶ፤
ሃምሳ ሦስት ኪሎ ከሩብ።
ይርሳው እየተነጫነጨ ከፈለ።

አሁን ማታ ማታ አንድ ገጽ አነባለሁ። አንድ ብቻ።
ቁጥር በማሽን ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚተኛ።
አንዳንዱ ገጽ ሳምንት ይፈጃል።
መብራት ሲጠፋ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አሰጣዋለሁ፣
ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ባጃጅ እየሰማሁ።
ጠዋት ይርሳው ይደውላል፤ «ለነገ!»
እሺ እላለሁ። አደርሳለሁም።
አሁንም እቀዳለሁ፣
ግን መስመሯን አንዴ አንኳኳለሁ፤ «ማነሽ?»

ትናንት እንድሪስ ቀረሶ አመጣልኝ፣
በጋዜጣ ጠቅልሎ።
«መዝኚው» አለኝ።
ዜሮ፣ ነጥብ፣ አምስት።
ነጥቧን
ሁለታችንም ቆመን አየናት።