የበር ነገር

ኩዌት፣ ፈርዋኒያ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣
አንዲት ክፍል አለችን፣ ለአርብ አርብ ስድስት ሆነን የምንከራይ።

ዘምዘም መጣች ከክሊኒኩ፣ የጽዳት ልብሷን እንደ ለበሰች፣
ከፌስታል አምስት እሽግ አውጥታ ፍራሹ ላይ ደረደረች።
ረጅም ብሩሽ በላስቲክ፣ ፈሳሽ የያዘች ብልቃጥ ትንሽ፣
አንድ የታጠፈ ወረቀት፣ በሥዕል «እንዲህ አርጊ» የሚልሽ።

«የማህፀን በር ምርመራ ነው፤ ሐኪም ሳይነካሽ፣ ሰው ሳያይሽ፣
ሽንት ቤት ገብተሽ፣ አምስቴ አዙረሽ፣ ብልቃጡ ውስጥ ከተሽ፣
ስምሽን ጽፈሽ ለእኔ ትሰጫለሽ፤ አለቀ ሥራሽ።»

ዝም።

መጀመሪያ ሰዓዳ ሳቀች፣ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና፣
«እኔ ባል አላየሁ፤ ይኼ ባል ላላት ነው» አለች፣ ቀና ሳትል ገና።
«ልክ ነሽ፣ ላንቺ አይደለም» አለች ዘምዘም።
ሰዓዳ ሳቋን አልጨረሰችም።

ለተብርሃን ተቆጣች፦ «ሰጥቻለሁ ደሜን፣ ሽንቴን፣ ሳምባዬን፤
ያየው ኤጀንቱ ነው፤ እኔ አላየሁም ወረቀቴን።
‹ቫይረስ› የሚል ቃል ካለበት፣ ለካፊሉ ከደረሰ፣
ማን ሊያስረዳልኝ ነው? በቃ፣ ቪዛዬ ፈረሰ።»

እኔ እህቴን አሰብኩ። አስካለ ሁለት ዓመት ደማች፣
«የወር ነው» ስትል፣ «ጤፉ ይታጨድ» ስትል፣ ወንዙ ሞልቶ እቤት ቀረች።
አንስቼ ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩ። ምንም አላልኩም።

ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ናት፤ በሯ መቀርቀሪያ የላት፣
ማዳም ቁልፉን ይዛዋለች፤ ልጆቿም ኳስ ያሳድዱባት።
አሥራ አንድ ዓመት ስለብስ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣
አላውቅም አንድም ቀን በር በገዛ እጄ ዘግቼ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ፎጣ ማሽኑ ውስጥ ጨመርኩ፣ ጩኸቱ እንዲሸፍነኝ፣
ባልዲውን በሩ ላይ አስደገፍኩ፣ ሰው ቢገፋ እንዲነግረኝ።
«የማህፀን በር» ሲሉኝ የሌላ ሰው ቤት ነበር፣
ሦስት ልጅ የወጣበት፣ እኔ የማላንኳኳው በር።
ቀዝቃዛ ነው። አያምም። እጄ ግን አፈረ፤
ላቡ በክርኔ ወረደ፣ መዳፌ ላይ ብሩሹ አሟለጨ፣ ዞረ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ማሽኑ ቀጥ አለ ስደርስ አራተኛ።
ትንፋሼን ያዝኩ። እንደገና ጀመረ። ጨረስኩ በአማርኛ።

ብልቃጧ ላይ ነጭ ወረቀት አለ፤ «ስም» ይላል፣ ባዶ ነው።
እዚህ ቤት «ሳራ» ነኝ፤ ከእኔ በፊት የነበረችውም ይህንኑ ነበር የምትባለው።
እስክሪብቶው እርጥቡ ላይ አልጽፍ ብሎ ሁለቴ ደገምኩት፦
ደብሪቱ። ዘምዘም በአረብኛ ትገልብጠው፤ እኔ እንደዚህ አወቅኩት።

ያን አርብ ሁለቱ «አንፈልግም» ብለው ሁለት እሽግ ፍራሹ ላይ ቀረ፤
ዘምዘም ስትሰበስብ አንድ ብቻ ሆነ፤ ማንም አልቆጠረ።

ሌላ አርብ ከጫማዎቻችን መሐል አንዲት ብልቃጥ ተገኘች፣
በሶፍት ተጠቅልላ፤ ስም አልያዘች።
ዘምዘም «የማን ነው?» አላለችም። እስክሪብቶ ፍራሹ ላይ አኖረች፣
«ዙሩ» አለችን፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።
ጀርባችን በር ሆነ። ሰማን የእስክሪብቶውን ኮሽታ፣
ማንም ሊዞር አልቸኮለ፤ ሰጠናት ሰፊ ፋታ።