አንድ ማዳበሪያ፣ አሥራ አንድ ኪሎ

ፎቶ ያነሳሁት አጥር ላይ ሰቅዬ፣
«ያገለገለ ነው፣ ግን ጠንካራ» ብዬ።
በቴሌግራም ገበያ፣ በፍሪጅና በሶፋ መሐል፣
የአባቴ ኮርቻ ሦስት ሳምንት ውሏል።
አንዱ ይጽፋል፦ «የመጨረሻው ስንት ነው?»
አንዱ ይስቃል፦ «ፈረሱስ? አብሮ ነው የሚሸጠው?»
ፈረሱ የለም።
ቡላ ከሞተ አራተኛ ክረምቱ ነው።

ከኮምቦልቻ ደወለ ይመር የሚባል ሰው፣
ሳይከራከር ገዛ፣ ዋጋውን ሳይቀንሰው።
«እርካቡ ሁለቱም አለ? ጠፍሩስ አልተበጠሰም?»
«አልተበጠሰም» አልኩ።
ምን ሊጭንበት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ኮርቻ ለካርቶን አልተፈጠረም።
የቴሌቪዥን ካርቶን ከጎረቤት ለምኜ
በቁመት ሞከርኩ፣ በወርድ ሞከርኩ፣ ተንበርክኬ፣ አዘንብዬ፤
ፊቱን ስጫነው ኋላው ይነሣል፣
ኋላውን ስጫነው ፊቱ ይነሣል፣
እንዳልተገራ ፈረስ።
በመጨረሻ ካርቶኑን ቀድጄ ለጎኑ አለበስኩት፣
እርካቦቹን በካልሲ ጠቅልዬ፣ ሆዱን ገለባ ሞላሁት።
አባቴ ከአልጋው ጫፍ ሆኖ ያያል። ዝም።
ከዚያ፦ «ግላሱን ከላይ አይደለም፣ ከሥር አድርጊው፤
ላቡን የለመደ እሱ ነው።»
አደረግሁ።
የዩሪያ ማዳበሪያ አለበስኩት፣
በጆንያ መርፌ አፉን ሰፋሁት።

አባቴ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነበር።
እኩለ ሌሊት ላይ ሲመታ የኛ በር
«ማነው?» አይልም፤ «ማን?» ብቻ ነው የሚለው፣
ልጓሙን በጥርሱ ነክሶ፣ በጨለማ ነው የሚጭነው።
ከለገዳዲ እስከ በኬ ያልጮኸበት ጉብታ፣
ያላስደነገጠው ውሻ የለም በዚያ ሁሉ ቦታ።
ዛሬ እድሩ በስልክ ነው።
ሞት እንደ ካርድ ማስታወቂያ
ኪስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤
ሰው አውጥቶ ያየዋል፣ መልሶ ይከተዋል።

ባጃጁ ላይ ጭኜው ከጎኑ ተቀመጥሁ።
ማዳበሪያ ውስጥም ኮርቻ ኮርቻ ነው፤
ጉብታው የት ይደበቃል?
የሰንዳፋ ሰው ደግሞ ያንን ጉብታ ያውቃል።
እማማ ድንቄ ጀሪካናቸውን መሬት አስቀመጡ፣
ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ወደ መንገዱ ወጡ።
«ማን ሞተ?»
«ማንም።»
«ታዲያ ኮርቻው የት ይሄዳል?»
ልጁ ነዳጅ ሰጠው፤ መልሴን ሞተሩ በላው።
ዞር ብዬ ሳይ አሁንም ቆመዋል፣
ስም እየጠበቁ።

ላምበረት መናኸሪያ፣ የዕቃ መላኪያው መስኮት፦
«ይዘቱ?»
«ኮርቻ።»
«የሞተር?»
«የፈረስ።»
ቀና ብሎ አየኝ። «ይሰበራል?»
ይህን ጥያቄ ቤት ሳለሁ አላሰብሁትም።
«አይሰበርም» አልኩ፣ ድምፄም አላመነኝም።
ሚዛኑ ላይ ወረወረው፣ ብዕሩን ፈልጎ ጻፈ፦
አንድ ማዳበሪያ፣ አሥራ አንድ ኪሎ።
ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም ብሎ
ደረሰኙን ገፋልኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ይመር መልእክት ልኮ ነበር፦
«ሲደርስ የባህል ምግብ ቤቴ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀል፣
መብራት ይዞርበታል፣ ሰው ፎቶ ይነሣበታል።»

አባቴ እንጀራውን ገፋ አድርጎ ጠየቀኝ።
«የሰውዬው ፈረስ ምን ዓይነት ነው?»
«ዳማ» አልኩ።
ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።
«ዳማ?» ደስ አለው። «ዳማ ተንኮለኛ ነው፤
ሲጭኑት ሆዱን ይነፋል።
መጀመሪያ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ይሰሩለት፣
ትንሽ ያስኪዱት፣ ሲተነፍስ እንደገና ያጥብቁት።
በያቸው። አሁኑኑ።»
ጻፍሁ። ቃል በቃል ጻፍሁ፣ እያየኝ ስለነበረ።
ይመር አንድ አውራ ጣት መለሰ።

የደሴው አውቶቡስ በኛ ደጅ ነው መንገዱ።
ሊነጋ ሲል መጣ፣
ጣራው በሸራ ተሸፍኗል፣ የትኛው ጉብታ እንደሆነ አይታይም።
ገና ያልነቃ አህያ አስፋልቱ ላይ ቆሞበት
ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ ደጋግሞ፣ ረጅም።
አባቴ በጨለማው ቁጭ አለ፣
በባዶ እግሩ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።
«ማን?» አለኝ።