የዕቁብ ሌንስ

ዕጣው በሐምሌ ወጣልኝ፤ የዕቁቡ ዳኛ ሲቆጥር
"ጣራህን ልትቀይር ነው?" አለኝ፤ ሳቅሁና ያዝኩት በምስጢር።
ጣራዬ፣ ፒያሳ ላይ ያለው፣ የፎቶ ቤቴ ቆርቆሮ፣
በሦስት ቦታ ያፈሳል፤ ብሷል ደግሞ ዘንድሮ።
እኔ ግን ብሩን ሸክፌ፣ ገሠገሥኩ አዲስ አበባ፤
ሌንሱ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ታቅፌው ነው ደሴ የገባ።
ክብደቱ ኪሎ ከሩብ፤ አፉ እንደ ድስት የሰፋ፣
በጨለማ የሚያይ አሉት፣ ኩራዝ፣ ጧፍ እንኳ ቢጠፋ።

በመስከረም አንድ ንጋት፣ ጦሳን ወጣሁት በጭቃ፣
ጉሙ ከአዝዋ ገደል ሲነሣ፣ ከተማው ገና ሳይነቃ።
ሚናራውና ጉልላቱ፣ አንገት አንገታቸው ወጥቶ
ዋናተኛ መስለው ታዩኝ፣ ከተማው በጉም ተሞልቶ።
አነሣሁ። አጉልቼ ባየው፣ ከጥዱ ቅጠል ጫፍ ያለች
የጤዛ ጠብታ እንኳን፣ ከነፀሐይዋ ትታያለች።
እንዲህ ያለ ጥራት ሳይ፣ የመጀመሪያዬ ነው ለእኔ፤
እንባ እንባ ብሎኝ ነበር፤ ደግነቱ ማንም የለ ከጎኔ።

በሰው ቁመት አሳትሜ፣ መስኮቱ ላይ ሰቅዬ ዋልኩ፤
ሰው ቆመ። ከመጋረጃው ኋላ፣ ጆሮ ጥዬ አዳመጥኩ።
የሻይ ቤቱ ሙስባህ፦ "አቦ! ዳገት ላይ ቤቴ ይታያል፤
ጎማ የጫንኩበት ጣራ! ጥጉን ነፋስ ገንጥሎታል!"
ጎረምሳው ዳውድ፦ "ሰኞ ገበያስ? ሰኞ ገበያ የት ጠፋ?"
"ከጉሙ ሥር" ስለው፣ "ታዲያ ደግመህ አንሣው፣ ጉሙ ሲገፋ!"
ጤዛዋን ያየ አልተገኘ። ስለ ሌንሱም ማን ጠየቀኝ?
እስከ ምሽት ቆሜ ሳያቸው፣ ቁመቴ በስንዝር አነሰብኝ።

ሮብ ዕለት አንሻ መጣች፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ
ከኮምቦልቻ፤ የተሰነጠቀ ስልክ በመሐረብ ይዛ።
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፣ ሃያ ዓመት ክር የፈተለች፤
"አርባው ደርሷል፤ ይማሜን፣ በትልቁ አውጣልኝ" አለች።
ፎቶው፣ ፎቶ አትበሉት፤ ከሚኒባስ ውስጥ በሩጫ
የእህቷ ልጅ ያነሣችው፤ ግማሽ ፊቱ ጥላ፣ ግማሹ የመስኮት ፀሐይ ቢጫ።
ጥርሱ ብቻ ነው የታወቀ፤ እጁ ጭራ ሆኖ ተስቧል፤
ከጎኑ የማይታወቅ ሰው፣ ግማሽ ጆሮ ብቻ ገብቷል።
"ቢተልቅ ይፈርሳል" አልኳት፤ "አሸዋ አሸዋ ይሆናል፤
ሌላ የለሽም?" "የመታወቂያው አለ፤ እሱ ሌላ ሰው ይመስላል።"

አተምኩት። ከማሽኑ አፍ፣ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ሲወጣ
ጎንበስ ብላ ጠበቀችው፤ ጥርሱ መጣ፤ ጉንጩ መጣ፤ ዐይኑ መጣ።
ከዚያ ሳቀች። "ወላሂ፣ ይኼው! እንዲህ ነው ቀልድ ሲጀምር፣
ከንፈሩን ወደ ግራ ጥሎ፤ ይኼኔ ሊዋሸኝ ነበር!"
እኔ አሸዋውን አያለሁ። እሷ አሸዋ የሚባል አላየች።
ስትወጣ፣ ከጦሳዬ ፊት ቆመች፤ ትከሻዋን ሰበሰበች፤
"ይበርዳል" አለች። ይኸው ነው። ሻሿን አጥብቃ ሄደች።

እስካሁን አልፈታሁትም። ያ ብርድ ከሌንሱ ነው፣ ከጤዛው?
ወይስ በስልክም ባነሣው፣ ይበርዳት ነበር እንዲያው?
ዳውድ "ጉም ነዋ!" ይለኛል፤ "ጉም መቼም ቢሆን ይበርዳል"፤
ሙስባህ ደግሞ "ጣራህ ነው፤ ቤትህ ውስጥ ዝናብ ይወርዳል።"

ሌንሱን አልሸጥኩም፤ አልዋሽም። ማታ በሩን ስዘጋ
ጤዛዋን አጉልቼ አያለሁ፣ አንዳንዴም እስኪነጋ።
ፀሐይ አለችባት፣ ሙሉ። ከፀሐይዋ ሥር ደግሞ ደሴ፣
ተገልብጣ፣ ነጥብ አክላ፣ ከነጉሟ፣ ከነአበሳዋ።
ያያት ሰው የለም እስካሁን፤ ይሁን፤ ያነሣኋት ለራሴ።

ዕቁቡ ገና ስድስት ወር፤ የበልግ ሰማይ ጠቁሯል፤
በር ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ፣ ስልክ በመዳፉ ይዞ ቆሟል።
"ይግቡ" እላለሁ፤ "ባልዲውን እንዳይረግጡት፤ ጣራው ያፈሳል።"