አታስቢ

ደሴ ሆስፒታል ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ክፍል፣
ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ምክር ሳድል፦
«በርበሬ ይቅርብሽ፤ ሚጥሚጣም አትንኪ፤
ወተት ፉት በይና፣ ለሐሳብ አትንበርከኪ።»

መጽሐፉ ያለው ነው፤ ገጹ አሁንም ትዝ ይለኛል፤
የጨጓራ ሥዕል፣ እንደ አቁማዳ ያለ፣ ከጎኑ «ጭንቀት» ይላል።
አሲዱን የሚያፈላው ሐሳብ ነው ብለውን፣
ይህንኑ ጽፈን ነው ፈተና ያለፍን።

ጦይባ ይመር መጣች፣ ሆዷን በእጇ ይዛ፣
ከሻሿ የበርበሬ ብናኝ ወረፋው ላይ ሲነዛ፤
ሰው ሁሉ አስነጠሰ። እኔም አስነጠስኩኝ።
«ሐሳብ አለብሽ ወይ?» ብዬ ጠየቅኩኝ።
አንድ ልጅ ነበራት፤ ሌሊት በላንድሮቨር ጭነው የወሰዱት፤
ቦሩ ሜዳ ታየ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ «ታይቷል» እንዳሉ ተዉት።

«አታስቢ» አልኳት።

ዐሥራ አንድ ዓመት አልጫ በላች፣ በርበሬ እየመዘነች፣
ሕመሙ ሲነሳ «ልጄ ነው» እያለች።

ከዚያ ኮምቦልቻ፣ የግማሽ ቀን ሥልጠና፣ ሙቀቱ አይጣል፤
አንድ ወጣት ሐኪም ግድግዳው ላይ ጠመዝማዛ ነገር ያሳያል።
«ባክቴሪያ ነው» አለ፤ «ጭንቀትም አይደለም፣ በርበሬም።
ሁለት ሳምንት ኪኒን።» በቃ። እጅ ያወጣ የለም።
ሲስተር አፀደ ብቻ፣ ከጎኔ፣ ደብተራቸውን አጥፈው፣
«ታዲያ ያን ሁሉ ሕዝብ በአልጫ የቀጣነው?»

ሐረጎን ስንወጣ፣ ሚኒባሱ ሲያቃስት፣ ጉሙ መስኮት ሲልስ፣
አሰብኩት መጽሐፉን፤ አልዋሸም፤ መብራቱ ነው እስከዚያ የሚደርስ።
አሥር ክንድ ያሳያል፤ ስንጠጋ፣ ሌላ አሥር፤
ሹፌሩ ያለፈውን አይራገምም። ይነዳል።

ጦይባን ፈልጌ ኪኒኑን ሰጠኋት። በሦስተኛው ሳምንት፣
ቃሪያ እየገመጠች መጣች። ድናለች። ፊቷ ላይ ግን ቅሬታ አየሁበት።
«እንግዲህ» አለችኝ፣ «ያን ሁሉ ዘመን ሆዴን ሲበላኝ የኖረው፣
በዓይን የማይታይ፣ ስሙን እንኳ የማልችለው ነው?
እንድሪስ መስሎኝ እኮ፣ ሌሊት ሲያመኝ ‹መጣህ?› የምለው።»

ለዚህ የሚሆን ገጽ በአዲሱም መጽሐፍ የለም።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። የልጅ ልጄ ሕክምና ትማራለች፤
«አባባ፣ አንጀትና አንጎል ይነጋገራሉ» ትለኛለች፤
ሐሳብ፣ በፊት በር ያባረርነው፣ በጓሮ ተመልሷል፣
ሌላ ስም ይዞ፣ ካፖርት ለብሷል።

ልነግራት ወረድኩ ሰኞ ገበያ። ከጦይባ ቦታ፣
ሌላ ሴት ትመዝናለች፣ ጆንያዋን ፈታ።
ምን ልበላት? ቆምኩኝ።

አስነጠስኩኝ።